«እማዬ፣ አትነሺ!»

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ እናቴ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ አዳልጧት ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወለቀ፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ አልወለቀም። እሷም ፈራች፣ እኛም ፈራን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «እማዬ፣ አትነሺ!» ሆነ። ውኃ ስትፈልግ እናቀብላታለን። ቡናው ካለችበት ይመጣላታል። ደረጃ አለው ብለን ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ከለከልናት። ቅዳሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ የምታስቀድስ ሴት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ የምትጠብቅ ሆነች።

ይህን ሁሉ ያደረግነው ከፍቅር ነው። ያልተሠራበት ጡንቻ ግን ፍቅር አያውቅም፤ ይከሳል። እግር ሲደክም ሚዛን ይጠፋል፤ ሚዛን ሲጠፋ ፍርሃት ይጨምራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም። እንዳትወድቅ ብለን ያስቀመጥናት እናት፣ ብትነሳ የመውደቋ ነገር ከቀድሞው የባሰ ሆነ።

ባለፈው ዓመት እህቴ ስለወለደች እማዬ ልታርሳት ቨርጂኒያ ሄደች። እህቴ ጋ ስድስት ወር ቆየች። እዚያ ሰፈር ባለ የአረጋውያን መዋያ በሳምንት ሁለት ቀን ታይ ቺ ይሰጣል። እህቴም ወስዳ አስመዘገበቻት። እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው «የቻይና አምልኮ እንዳይሆን?» ብላ ነው። ታይ ቺ ከቻይናውያን ጥንታዊ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ፣ መነሻውም የመከላከያ ጥበብ የሆነ እንቅስቃሴ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሄናን ግዛት እንደተጀመረ ይነገርለታል፤ ዩኔስኮም በ2020 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እናቴ የተማረችው ግን እንቅስቃሴውንና አተነፋፈሱን ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አለማወቋም አላስቸገራትም፤ አስተማሪዋን እያዩ መከተል ነው።

ከተመለሰች በኋላ አንድ ማለዳ ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለች ትራመዳለች። ደንግጬ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ዝም በል፣ ሚዛኔን ታስጠፋኛለህ!» አለችኝ።

ነገሩ ገርሞኝ ማንበብ ጀመርኩ። በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ውስጥ የተካሄደ አንድ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 200 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለ15 ሳምንታት ታይ ቺ የሠሩት፣ ተደጋግሞ የመውደቅ አደጋቸው ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ታይ ቺ ከፊዚዮቴራፒ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ምስጢሩ ዝግታው ነው። በፍጥነት ስንራመድ አንዱ እግር ሌላውን ይሸፍንለታል። በዝግታ ሲሆን ግን የሰውነት ክብደት ሙሉ በሙሉ አንድ እግር ላይ ያርፍና ጭኑ፣ ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ ይሠራሉ። አእምሮም እግር የት እንዳረፈ ልብ ማለት ይለምዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለታይ ቺ የተተረተ ይመስላል።

ታይ ቺ የሚያስተምር ሰው በአቅራቢያችሁ ባይኖርም፣ እማዬ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት የተማረችውን መሞከር ይቻላል። የማይንቀሳቀስ ከባድ ወንበር ፊት ለፊት አድርጋችሁ መደገፊያውን ያዙ። እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ልክ ከፍታችሁ ጉልበታችሁን በጥቂቱ እጠፉ። ቀስ ብላችሁ እየተነፈሳችሁ ክብደታችሁን ወደ ቀኝ እግር አሳልፉ፤ ከዚያ የግራውን ተረከዝ ብቻ አንሱ። መልሱትና በሌላው ወገን ድገሙት። ለጀማሪ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽ መያዝም ሆነ ጉልበት የሚያሳምም ድረስ መታጠፍ አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቤተሰብ ሰው አጠገባቸው ይቁም።

ማዞር፣ የልብ ሕመም ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የደም ግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት በታይ ቺ አይተካም። እማዬም የግፊት ኪኒኗን እስከ ዛሬ በየዕለቱ ትውጣለች።

ባለፈው እሑድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ደረጃው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። በአንድ እጇ መቋሚያዋን ይዛ፣ በሌላው እጄን ገፋ አደረገችና አንድ በአንድ ወጣች። ከኋላዋ ሆኜ ስከተላት «እማዬ፣ ቀስ!» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። እሷ ቀስ ማለትን ከእኔ በላይ ታውቅበታለች።

እናንተም ቤታችሁ ያሉትን እናትና አባት «አትነሱ» ከማለታችሁ በፊት፣ እስቲ ዛሬ አብራችኋቸው ተነሡ።