ከኩባንያ ወይስ ከባለቤቱ?

ባለትዳሮች፣ ደወሌ እየሠራችሁ ድሬዳዋ ላይ ቤት ለመግዛት የምትቆጥቡ፤ ከሪል እስቴት በቅድሚያ ክፍያ ይሻላል ወይስ ያለቀውን ከባለቤቱ?

ለኩባንያ በየጊዜው መክፈል ይቀላል። የምትገዙት ግን ገና ያልቆመ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ለአክሰስ ሪል እስቴት ገንዘብ ከፍለው ቤት ሳይረከቡ ዓመታት አለፉ።

ያለቀውን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ስለዚህ ቢወደድም እርሱን እመርጣለሁ። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣሩ። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት የሚሸጠው ባልና ሚስት ሲስማሙ ነውና የሻጩ ሚስት ሳትፈርም ብር አትስጡ።

እናንተም ተቀምጣችሁ አብራችሁ አስሉ (ሉቃስ 14፥28)። አንዳችሁ የተጠራጠራችሁበትን ውል ሌላው ብቻውን አይፈርም።