ዊንዶውስ ተኝቶ ከሆነ አይቀስቅሱት

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የሚያኖሩ ሰዎች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ በሊኑክስ ገብተው በመሥራት ላይ ሳሉ፥ ትናንት በዊንዶውስ የጻፉት ደብዳቤ ወይም የልጅዎ የክርስትና ፎቶግራፍ ቢያስፈልግዎ፥ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ከንቱ ድካም ነው። ፋይሉ ያለው እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ፥ ፓርቲሽን በሚባለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነውና።

ዳሩ ግን የሁለቱ ክፍሎች የመዝገብ አያያዝ ለየቅል ነው። የዊንዶውስ ክፍል የሚተዳደርበት ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ ይባላል፤ ይኸውም ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ያወጣው ነው። የሊኑክስ ሰዎች አሠራሩን በብዙ ትዕግሥት ራሳቸው እየመረመሩ ስለ ደረሱበት፥ ለረጅም ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ የሚደፈር ነገር አልነበረም። በ2007 ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያው የጸና እትም ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ፓራጎን የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ድራይቨር በራሱ በሊኑክስ ከርነል፥ በ5.15 እትም፥ ውስጥ ገባ።

በሊኑክስ ዘንድ ሲ ወይም ዲ ተብሎ በፊደል የሚጠራ ዲስክ የለም፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። የሌላውን ክፍል ለማየት ከዚህ ግንድ ላይ በአንድ ፎልደር በኩል ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ማውንት ማድረግ ይሉታል። ኡቡንቱን በመሰሉት የፋይሎቹን መስኮት ከፍቶ የክፍሉን ስም መጫን ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ2012 ወዲህ፥ ማለት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፥ ዊንዶውስ «ዝጋ» ሲሉት ፈጽሞ አይዘጋም። በማግሥቱ ቶሎ ለመነሣት ሲል የከርነሉን ትዝታ በዲስኩ ላይ ጽፎ ያንቀላፋል፤ ይህም ፋስት ስታርታፕ ይባላል። የግምጃ ቤት ሹም መዝገቡን በብብቱ ይዞ ተኛ ይበሉ። እርስዎ በሌሊት ገብተው ዕቃውን ቢያዛውሩ፥ ሹሙ ሲነቃ የሚያምነው መዝገቡን ነው። መዝገቡና ዕቃው ይጣላሉ፤ በዚህ ጠብ መካከል የሚጠፋው የእርስዎ ፎቶግራፍ ነው።

ስለዚህ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ዊንዶውስ መተኛቱን ሲያይ ክፍሉን ለንባብ ብቻ ይከፍትልዎታል። ብዙ ሰው በዚህ ተናዶ ማስገደጃ ትእዛዝ ይፈልጋል። ማስገደጃው በእርግጥ አለ፤ የሚሠራው ግን ያንን የተጻፈ ትዝታ ደምስሶ ነው፤ በዊንዶውስ በኩል ሳይቀመጥ ያደረ ሥራ ካለ አብሮ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት ይህ ክልከላ ሊመሰገን እንጂ ሊረገም አይገባውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ዊንዶውስ ተመልሰው «ዝጋ» በማለት ፈንታ «እንደገና አስነሣ» የሚለውን ይምረጡ፤ ያን ጊዜ በሙሉ ይዘጋል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሊኑክስን ይያዙ። ለዘለቄታው ከሆነ ፋስት ስታርታፕን በኮንትሮል ፓነል፥ በኃይል አጠቃቀሙ ገጽ፥ ማጥፋት ይቻላል። ክፍሉ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የመክፈቻውን ቁልፍ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፤ ያለ እርሱ ሊኑክስም አይረዳዎትም።

ዊንዶውስ ጨርሶ አልነሣ ቢል ግን ነገሩ ይለወጣል። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥተው የታመመውን ክፍል ለንባብ ብቻ ማውንት ያድርጉና ሰነዶችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጥገናውንም ለዊንዶውስ ለራሱ መሣሪያ፥ ቼክዲስክ ለሚባለው፥ መተው ይሻላል፤ በሊኑክስ በኩል ያለው ጥቃቅኑን ብቻ ነው የሚያቃናው።

በግዕዝ ፊደል ስም ለሚያወጡ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ኤንቲኤፍኤስ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በዚያ 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። «የእማማ የሰባ ዓመት በዓል» ብለው ጀምረው የተጋባዡን ሁሉ ስም የዘረዘሩበት ፋይል አልገለበጥም ቢልዎ፥ ዲስኩ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ ስሙን ያሳጥሩለት።