ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። ስንደዋወል ስለ ዘመድ አዝማድ የሚጠይቀኝ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ፉትቦል። ፉትቦል ስላችሁ የእኛ እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ያንን ሄልሜት አጥልቀው የሚላተሙበትን፣ ኳሷ እንቁላል የመሰለችውን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ክርክራችን ሁሌም አንድ ነው። በዚህ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባለው ሰው የቡድኑ አእምሮ ነው። ኳሷን ተቀብሎ በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። ከፊቱ ያሉት አምስት ግዙፍ ሰዎች ደግሞ እሱን ሊጥሉ የሚመጡትን ያግዳሉ። እንግዲህ ቡድኑ ከዩኒቨርሲቲ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ሲመለምል ምን ያድርግ? ወዲያው ያሰልፈው ወይስ አንጋፋው እየተጫወተ ልጁ ቁጭ ብሎ ይማር?

«ከመጀመሪያው ቀን ይግባ እንጂ! ጄይደን ዳንኤልስን አላየሽም?» ይላል የአክስቴ ልጅ።

እውነቱን ነው። ዋሽንግተን በ2023 አሸንፎ የወጣው 4 ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2024 ጀማሪውን ዳንኤልስን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አሰለፈና 12 አሸነፈ። ሱፐር ቦውል ለመግባት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የቀረው።

እኔም ብሆን ጋዜጠኝነት ተመርቄ «የስንት ዓመት የሥራ ልምድ አለሽ?» በሚል ጥያቄ ብዙ በር የተዘጋብኝ የሃያዎቹ ዕድሜ ሰው ነኝ። ከማንም በፊት «ወጣቱ ይግባ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ግን አልጮህም።

ምክንያቴ ዴቪድ ካር ይባላል። በ2002 ከሁሉም ምልምሎች አንደኛ ሆኖ ሂውስተን ወሰደው። ቡድኑ ራሱ ገና መጫወት የጀመረበት ዓመት ነበር። ከካር ፊት የቆሙት ሰዎች ማንንም ማስቆም አልቻሉም። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ኳሷን ሳይወረውር 76 ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ፤ በሊጉ ታሪክ እንደዚያ የተደፋ የለም። ከዚያ በኋላ የተጠበቀው ኮከብ ሳይሆን ቀረ። በመጨረሻ ከሂውስተን ወጥቶ የሌሎች ተጠባባቂ ሆነ።

«እሱ አልቻለማ!» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የአክስቴ ልጅ ቡድን ራሱ ምን አደረገ? በ2012 ሮበርት ግሪፈንን ከመጀመሪያው ቀን አሰለፈ፤ ልጁም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ግን በታኅሣሥ ጉልበቱን ተጎዳ። በጥር 2013 ከሲያትል ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ያው የተጎዳው ጉልበት እያነከሰው ተጫወተ፤ መጨረሻው ጅማቱ መበጠስ ሆነ። ከዚያ በኋላ የ2012ቱን ግሪፈን ያየው የለም። የሚገርመው፣ በዚያ ቀን ከወዲያ በኩል የነበረው ራስል ዊልሰንም ጀማሪ ነበር! ሲያትል ግን ጠንካራ ተከላካይና እንደ ማርሻውን ሊንች ያለ ሯጭ ስለነበረው ሸክሙን ሁሉ በልጁ ትከሻ ላይ አልጫነም። በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን አነሱ።

ልብ በሉ፣ ጀማሪ መሳሳቱን አልፈራም። ፔይተን ማኒንግ በ1998 በመጀመሪያ ዓመቱ 28 ኳስ ተጠለፈበት፤ ቡድኑም 13 ጨዋታ ተሸነፈ። በዓመቱ ግን 13 አሸነፉ። ስህተት ያስተምራል። ዱላ ግን አያስተምርም፤ ዱላ ከመወርወር ይልቅ ማን ሊመታኝ ይሆን እያሉ መገላመጥን ነው የሚያስለምደው።

ታዲያ ባለቤቶቹ ለምን ይቸኩላሉ? ገንዘብ ነዋ! በ2010 አንደኛ የተመለመለው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ2011 ሕጉ ተለወጠና አንደኛው ካም ኒውተን የፈረመው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ነው። ጎበዝ ጀማሪ ርካሽ ሆነ ማለት ነው። ርካሹ ዓመት ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዲያልቅ የሚፈልግ ነጋዴ የለም።

ካንሳስ ሲቲ ግን ታገሠ። በ2017 ፓትሪክ ማሆምስን መልምሎ ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ አስቀመጠው። ስሚዝ ማለት በ2005 ራሱ አንደኛ ተመልምሎ፣ ሳይበስል ገብቶ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 1 ተችዳውን ወርውሮ 11 የተጠለፈበት ሰው ነው። ማሆምስ ያንን ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ። በ2018 ሜዳው ሲሰጠው 50 ተችዳውን ወርውሮ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ስሚዝ ባይኖር ማሆምስ አይኖርም ነበር አልልም፤ ተሰጥኦው የራሱ ነው። መጠበቁ ግን አልጎዳውም።

እኔ የመጀመሪያ ዜናዬን በቀጥታ ስርጭት ያነበብኩት አንጋፋዋ አንባቢ በቀረችበት ቀን ነው። «አንብቢ» ተባልኩ፣ ወረቀቱን ያየልኝ ሰው አልነበረም። የአንድ ባለሥልጣን ስም ተሳሳትኩ፤ ወቀሳው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ለሳምንታት ማይክሮፎን ባየሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሳሳቴን ረስቼዋለሁ። የማልረሳው ከጎኔ ማንም አለመኖሩን ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፦ አምስቱ ከፊት የሚቆሙለት ከሆነ ጀማሪው ይግባ፣ ይሳሳት፣ ይሸነፍም። የማይቆሙለት ከሆነ ግን አንጋፋው ይቀበልለት፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይመልከት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አቡክቻለሁ፣ በቅቶም ተበልቷል። እናቴ አጠገቤ ቆማ ውኃውን ትለካልኝ ነበራ!

የአክስቴ ልጅ ይህን አንብቦ እንደሚደውልልኝ አውቃለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እስከዚያው ቸር እንሰንብት።