ለክፉ ቀን መዘጋጀት፦ የእምነት ጉድለት ወይስ አስተዋይነት?



በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች በቅርብ ዓመታት ከመንግሥት ያልተለመደ ምክር ደርሷችኋል። የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ጦርነት ወይም ሌላ ቀውስ ቢመጣ ሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ማሰራጨት ጀመረ፤ ከአምስት ሚሊዮን ለሚበልጡ ቤተሰቦችም በየቤታቸው ላከ። በማርች 26 ቀን 2025 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን እያንዳንዱ ቤተሰብ ያለ ማንም እርዳታ ቢያንስ ለ72 ሰዓት መቆየት የሚያስችለው ዝግጅት እንዲኖረው መከረ። ብዙዎች በምክሩ ሳቁ። ነገር ግን ወር ከጥቂት ቀናት እንዳለፈ፣ በኤፕሪል 28 ቀን 2025 እኩለ ቀን ላይ፣ በስፔንና በፖርቱጋል መብራት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ባቡር ቆመ፣ የትራፊክ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ የባንክ ካርድ አልሠራ አለ። በኪሱ ጥሬ ገንዘብ ያለው ዳቦና ውሃ ገዛ፤ የሌለው ተመለከተ። በማግስቱ መብራቱ ቢመለስም ጥያቄው ግን አልሄደም።

በእኛ በአማኞች መካከል ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ፣ «ጌታ እያለ ምን አስጨነቀን? እህል ማከማቸት አለማመን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ በየስልካችን በሚላክ የድምፅ መልእክት፣ «ጊዜው አልቋል፣ ሁሉም ነገር ሊፈርስ ነው፣ ያላችሁን ሰብስባችሁ ሽሹ» እያለ ያስደነግጠናል። ውድ አንባቢ፣ አንተስ የትኛውን ትሰማለህ? አንቺስ? እንደ እኔ እምነት ሁለቱም ከእግዚአብሔር ቃል ሚዛን ወጥተዋል። እስቲ አብረን እንመርምር።

ፍርሃት ሲሸጥ

ከብዙ ዓመታት በፊት የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ የዓለም ኮምፒውተሮች የዓመቱን ቁጥር እንደ 1900 አንብበው እንደሚሳሳቱ፣ ባንክና መብራት ኃይል፣ አውሮፕላንና ሆስፒታል ሁሉ እንደሚቆም ተነገረ። በአሜሪካ አንዳንድ ስመ ጥር የወንጌላውያን ሰባኪዎችና ጸሐፊዎች ነገሩን ከእግዚአብሔር ፍርድ ጋር አገናኝተው አስተማሩ። የቪዲዮ ካሴትና የደረቅ ምግብ ገበያ ደራ፤ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ገጠር የገቡም ነበሩ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነጋ፤ ዓለም እንደነበረች ነበረች።

ከዚህ ታሪክ «ዝግጅት ከንቱ ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ችግሩ እውነተኛ ነበር። ያለ ጥፋት ያለፈውም በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች ዓመታት ወስደው፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ስህተቱን መስመር በመስመር ስላረሙት ነው። አገር ያዳነው በየቢሮው በዝምታ የተሠራ ሥራ እንጂ በጓሮ የተቀበረ ቆርቆሮ ምግብ አልነበረም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ዝግጅት የሚጠቅመው ለራስ ማምለጫ ከመሆን ይልቅ አደጋውን ለሁሉ ሲያቀልል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ፍርሃት ነጋዴ እንዳለው ነው። የቴሌቪዥን ሰባኪው ጂም ቤከር እ.ኤ.አ. በ1989 በማጭበርበር ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። ከእስር ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥን ከተመለሰ በኋላ ለመጨረሻው ዘመን የሚሆን በባልዲ የታሸገ ምግብ መሸጥ ጀመረ። ኮሮና በመጣበት በ2020 ደግሞ በፕሮግራሙ የሚሸጥ የብር ውህድ ለቫይረሱ መድኃኒት እንደሆነ ተደርጎ ቀርቧል ተብሎ የሚዙሪ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው። በ2021 ጥፋቱን ሳያምን፣ ለገዢዎች የሚመለስ 156,000 ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ስለዚህ ወገኖች፣ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚናገር ሰው ወዲያው ዕቃ ሲያቀርብላችሁ ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲሰጣችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ቃሉ ምን ያሳየናል?

በዘጸአት 16 ላይ ስለ መና የተጻፈውን እናስተውል። ሕዝቡ ለነገ እንዳያስቀምጡ ታዘዙ፤ ያስቀመጡት ተላና ሸተተ። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡና እንዲያስቀምጡ ታዘዙ፤ ያን ጊዜ ያስቀመጡት አልሸተተም። መናው ያው መና ነው። በአንዱ ቀን ማስቀመጥ አለመታመን ነበር፤ በሌላው ቀን ማስቀመጥ መታዘዝ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው «ዕቃ ቤቴ ውስጥ እህል አለ ወይስ የለም?» ሳይሆን «ልቤ የተማመነው በማን ነው?» የሚል ነው።

ዮሴፍን ተመልከቱ (ዘፍ. 41)። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሪቱን አምስተኛ እጅ አከማቸ። ራቡ ሲመጣ ግን ጎተራውን ቆልፎ አልተቀመጠም፤ ከፍቶ ለግብፅም ለጎረቤት አገሮችም ሸጠ፤ የበደሉት ወንድሞቹ እንኳ ከዚያ በሉ። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋ ደግሞ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ አሰበ፤ ጌታም ሰነፍ አለው። ሁለቱም አከማችተዋል። ልዩነቱ ባለጠጋው በአሳቡ ውስጥ ከራሱ በቀር ማንም አለመኖሩ ነው፤ እግዚአብሔርም ጎረቤትም የሉበትም።

በሐዋርያት ሥራ 11 ደግሞ ነቢዩ አጋቦስ ራብ እንደሚመጣ ሲናገር የአንጾኪያ አማኞች ምን አደረጉ? ለራሳቸው እህል ለመግዛት ወደ ገበያ ሮጡ የሚል አናነብም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላከ። ትንቢቱ ትርምስን ሳይሆን መዋጮን ወለደ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞሩት «ትንቢቶች» የሚያፈሩት ፍሬ ይህ ነውን?

ማን ተረፈ?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 የቺካጎ ከተማ በከባድ ሙቀት ተመታች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ጉዳዩን ያጠናው ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በድህነት የሚቀራረቡ ሁለት አጎራባች ሰፈሮችን ሲያወዳድር፣ ሰው በሚበዛበት፣ ሱቅ ባለበትና ሰዎች ከቤት ወጥተው በሚገናኙበት ሰፈር የሞቱት በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳየ። በሩን የሚያንኳኳለት ያገኘ ተረፈ።

በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ ከባድ ብርድ ሲመጣ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ፤ የግዛቱ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 246 ብሎ መዝግቧል። ከእነርሱ መካከል ብርድ ሳይሆን ሙቀት ፍለጋ የገደላቸው ነበሩ፤ በጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥተው ወይም በተዘጋ ቤት ከሰል አያይዘው በማይታይና በማይሸት ጭስ የሞቱ። ከአገራችን የሄዱ ወገኖችም ነበሩባቸው። ውድ አንባቢ፣ ይህን ጉዳይ ቀላል አድርገህ አትለፈው። አንድ ሰው አስቀድሞ በቋንቋቸው «ከሰል በቤት ውስጥ አታያይዙ፣ መኪናውን ከጋራዡ አውጡ» ብሎ ቢነግራቸው ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ይህንን ለመናገር ቤተ ክርስቲያን የአምስት ደቂቃ ማስታወቂያ ብቻ ይበቃታል።

አባቶቻችን ያውቁት ነበር

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያለ ሕዝብ ልጆች ነን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ለመንገደኛና ለክፉ ቀን የታሰቡ ምግቦች ናቸው። በደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው ለወራት፣ ከዚያም በላይ ያቆዩታል። ገበሬ ጎተራው ውስጥ ዘር ሲያስቀምጥ እምነት የለውም ያለው የለም።

መፍረስ የሚባለው ነገርም ለእኛ የፊልም ታሪክ አይደለም። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 በኋላ ጦርነቱ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ ነበር። በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም፤ ደመወዝተኛው ደመወዙን አላገኘም። እንደዚህ ያለውን ጊዜ የሦስት ቀን ስንቅ አይወጣውም፤ የዓመት ስንቅም ቢሆን ጎረቤት እየተራበ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። በአሜሪካ ለመፍረስ ቀን የሚዘጋጁ አንዳንዶች ከእህሉ ጎን ጠመንጃ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ የተራበው ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ወስነዋል። ክርስቲያንስ ምን ወስኗል? ይህ ጥያቄ ከስንት ሊትር ውሃና ከስንት ኪሎ ሽሮ ይበልጣል።

በደርግ ዘመንም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና ሕንጻዎች ሲወረሱ ቤተ ክርስቲያንን ያቆያት የተከማቸ ንብረት አልነበረም። በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበሰቡ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ የታሰረውን ቤተሰብ የሚጎበኙ አማኞች ነበሩ። በሮቹ እንደገና ሲከፈቱ ቤተ ክርስቲያን በዝታ ተገኘች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በቤታችን። የስዊድን መንግሥት ምክር ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ነው፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 45 ሊትር ማለት ነው። ሳይበስል የሚበላ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ፣ ጥቂት ዝርዝር ገንዘብ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የሰነዶች ቅጂ፣ በወረቀት የተጻፈ ስልክ ቁጥር። በሶ እሳት እንኳ አይፈልግም። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየገዙ ማሟላት ይቻላል፤ መበደርም፣ አሥራትን ማስቀረትም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ በአጥቢያችን። ብቻዋን የምትኖር እናት ማን ናት? ኢንሱሊን የሚወስድ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚሄድ ማን ነው? የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመደ አዲስ መጪ የት ይኖራል? መኪና ያለውስ ማን ነው? ኢንተርኔት ቢቋረጥ ማን የማንን በር ያንኳኳል? ይህን ጽፎ የሚይዝ አንድ ዲያቆን ወይም አንድ የቤት ኅብረት መሪ መመደብ ምንም ወጪ የለውም። እድርን የፈጠረ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም። ለቀብር ተደራጅተናል፤ ሰው ሳይሞት ለማትረፍም እንደራጅ።

ሦስተኛ፣ በልባችን። ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ነገ አትጨነቁ ያለው ስለ ነገ አታስቡ ማለቱ አይደለም። ነህምያ ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ (ነህ. 4፡9)። ጸሎቱ ጥበቃውን አላስቀረም፣ ጥበቃውም ጸሎቱን አልተካም።

እንግዲህ መዘጋጀት ይጠቅማልን? ሦስት ቀን ለሚቆይ ችግር፣ አዎን፣ በጣም ይጠቅማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስብንም እንዲህ ያለው ነው። ሁሉ ለሚፈርስበት ቀን ግን የማንም ዕቃ ቤት አይበቃም፤ ያን ቀን የሚያቆመን የማይናወጠው መንግሥትና አብረውን በእርሱ የሚታመኑ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። እነርሱን ዛሬ በስም እናውቃቸዋለንን? በሚመጣው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ስሙንና ስልኩን ጠይቁ። ዝግጅቱ ከዚያ ይጀምራል።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። ማራናታ!