ያልተመለሰውንም ጻፉት



ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስት አራቱ በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ነገር ጻፉልኝ። «ቲቸር፣ የጸሎት ደብተር መያዝ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ተውኩት» የሚል ነው። አንዷ ግን ሌሎቹ ያላሉትን ጨመረች፦ «ያልተመለሰው ሲበዛብኝ ደብተሩን መክፈት ፈራሁ።» ለእሷ የምመልሰው ለብዙዎቻችሁ ይሆናል ብዬ እዚህ አመጣሁት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

እኔ የጸሎት ደብተር ያዙ የምለው ከምንም በላይ ያልተመለሰውን እንዲይዝላችሁ ነው። የተመለሰውማ ቦታ አለው። እሁድ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ምስክርነት ይሰጥበታል፣ እልል ይባላል፣ ከአምልኮ በኋላም ዳቦ ይቆረስበታል። ልጇ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ድምፁ ያልተሰማ እናት ግን መድረኩ ላይ ምን ይዛ ትውጣ? በመጀመሪያው ወር ሁላችንም «እንጸልያለን እናቴ» እንላታለን። በስድስተኛው ወር ስሟ ከጸሎት ርዕስ ይወጣል። ማንም በክፋት አላወጣውም፣ በቃ ተረሳ። ደብተር ላይ የተጻፈ ስም ግን እንዲሁ አይወጣም። ለማውጣት እጅህ መሰረዝ አለበት፣ ስትሰርዝም ለምን እንደሰረዝክ ታውቃለህ።

አሁን በየወጣት ኅብረቱ የሚሰጠው ትምህርት ገጹን ለሁለት ክፈሉ ይላል። በግራ የጸለይኩበት ርዕስና ቀን፣ በቀኝ የተመለሰበት ቀን። ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሰው የብሪስቶሉ ጆርጅ ሙለር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጅ አልባ ልጆችን ከሰው ሳይለምን በጸሎት አሳደገ፤ የጸለየውንና ያገኘውንም ለዓመታት በማስታወሻው መዘገበ። ትልቅ ሰው ነው፣ አሠራሩንም አልነቅፍም፤ ለማመስገን ይረዳል። ግን ሁለት ወር ጸልዮ የቀኙ ዓምድ ባዶ የሆነበት የሃያ ዓመት ልጅ ደብተሩን የሚያየው እንደ ፈተና ውጤት ነው። ወይ እግዚአብሔር ወድቋል ወይ እኔ ወድቄያለሁ ይላል። ያቺ ልጅ የፈራችው ይህንን ይመስለኛል።

እስኪ ድርቁን አስቡ። ከ2013 ዓ.ም. ሃጋያ እስከ 2015 ሃጋያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ከሸፈ። ዱብሉቅ ላይ ከብቱ ያለቀበት ሰው በላስቲክ ዳስ ሰፈረ። ከቦረና እስከ ሶማሌ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። ውሃ እኛ ጋ ቀልድ አይደለም፤ በ1966 ጥር ነጌሌ ያለው ጦር ያመፀውም በምግብና በመጠጥ ውሃ ጉዳይ ነበር፤ አብዮቱን ያፈነዳው ብሶት ከእኛ ከተማ ተነሣ እያልን አሁንም እናወራለን። በዚያ በድርቁ ጊዜ ከነጌሌ እስከ ያቤሎ ለዝናብ ያልጸለየ ቤተ ክርስቲያን፣ ዱአ ያላደረገ መስጊድ የለም። በእኔ ደብተር ውስጥ «ዝናብ» የሚለው ቃል ገጽ በገጽ ይመላለሳል። አንዳንዱ ቀን ላይ እሱ ብቻውን ነው ያለው፣ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በመጋቢት 2015 ዘነበ። አንዳንድ ቦታ ጎርፍ ሆኖ ነው የመጣው። እንግዲህ የሁለት ዓምድ ሰዎች ንገሩኝ፣ ይህ «ተመልሷል» ይባላል? ዝናቡ መጥቷል፣ የጎረቤቴ ላሞች ግን የሉም። እኔ «ዛሬ ዘነበ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ጎረቤቴ ስንት ከብት እንደቀረው ጻፍኩ። ምልክት አላደረግኩበትም። ምስጋናውም ኀዘኑም አንድ ገጽ ላይ አሉ፣ ዛሬም ሳነበው ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ወይ አመስጋኝ አልሆንም፣ ወይ ያንን ሰው ዓይኑን ማየት አልችልም ነበር።

«ይሄ እምነት ማነስ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። መዝሙር 88ን ክፈቱ፤ በኦርቶዶክሱ አቆጣጠር 87 ነው። ሰውየው ቀንም ሌሊትም ይጮኻል፣ ምዕራፉ ግን በጨለማ ያልቃል፤ ሌሎቹ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ እንደሚያደርጉት ወደ ምስጋና አይዞርም። ይህን ጸሎት አንድ ሰው ጻፈው፣ ሌሎች ገለበጡት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ቀረ። ማንም «መልሱ ሲመጣ እንጨምረዋለን» ብሎ አላስቀረውም።

በሌላ በኩል ደግሞ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚታደል ደብተር አለ። «ራእይህን ጻፍ፣ አውጅ፣ ትወርሳለህ!» ተብሎ መኪናው በዓይነቱ፣ ቤቱ በካሬ ሜትሩ ይጻፋል። ዕንባቆም ምዕራፍ 2 ይጠቀስበታል። ዕንባቆም እንዲጽፍ የታዘዘው ግን ሊመጣ ስላለው ፍርድና ስለ መጠበቅ ነበር፣ ስለ መኪና አልነበረም። አያቶቻችን ክታብ አስጽፈው አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ እኛ እንስቅባቸዋለን፤ ጽሑፉ በራሱ ኃይል አለው ብሎ ማመን ግን ብራናም ላይ ሆነ ባማረ ደብተር ላይ ያው ነው።

መጻፉ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። የድሮ የብራና ጸሎት መጻሕፍትን ያየ ሰው ያውቃል፤ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም ይገባል፣ እገሌን ጠብቅ፣ እገሊትን አድን ተብሎ። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ሲተላለፍ የድሮው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። በአንዳንዱ ብራና ላይ ፍቁ ዛሬም ይታያል። ስምን ከጸሎት ጋር በቀለም መጻፍ እዚህ አገር አዲስ አይደለም።

ደግሞ አንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ በአንድ ወቅት ጠየቁኝ፦ «ቦረና ያለ ወረቀት የስንት መቶ ዓመት አባ ገዳ በቃሉ ይቆጥራል፤ አንተ የሃያ ሰው ስም መያዝ አቅቶህ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ቦረና ያንን የሚይዘው ሥርዓት ስላለው ነው። ቱላ ጉድጓድ ላይ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚቆጣጠር አባ ሄሬጋ አለ። ተራ አለ፣ ተራህን የሚያውቅልህ ሰው አለ። የእኛ የከተማ ጸሎት አባ ሄሬጋ የለውም። «እጸልይልሃለሁ» እንላለን፣ ስልካችን ይጠራል፣ አለቀ። የእኔ ደብተር እንደ ጉድጓዱ ተራ ነው፦ ሰኞ የታመሙት፣ ማክሰኞ ከአገር የወጡት፣ ረቡዕ የተጣላኋቸው (ይህ ቀን ይከብደኛል)፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁሉም በየቀኑ አይጠጣም፣ ግን ተራው የሚያልፍበት የለም።

ትልልቆቻችን ለመጻፍ የማይወዱበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን አማኞች ታስረዋል፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ተወስደው ተገድለዋል። በየቤቱ ተደብቆ በሚጸለይበት ጊዜ የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰው ያስበላል። የዚያን ዘመን ሰው «በልብህ ያዘው» ሲላችሁ አትፍረዱበት።

ከዚያ የምንወስደውም አለ። ደብተራችሁ ውስጥ ያለው የእናንተ ምስጢር ብቻ አይደለም። የባልና ሚስት ጠብ፣ የምርመራ ውጤት፣ የልጅ እርግዝና፣ ሰው አምኖ የነገራችሁ ነው። ነጌሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ደብተር ሻይ ቤት ቢረሳ እስከ ማታ ዋደራ ይደርሳል። ስለዚህ ሙሉ ስም አልጽፍም፣ ለእኔና ለጌታ የሚገባ አጭር ምልክት በቂ ነው። ፎቶ አንስቶ ስቶሪ ላይ መለጠፍ ደግሞ ኧረ ተዉ! የሌላ ሰው እንባ ነው።

በምን ቋንቋ ለምትሉ፣ ስትደነግጡ በሚወጣችሁ ቋንቋ ጻፉ። በኦሮምኛ የምታለቅስ ልጅ በአማርኛ መጻፍ የለባትም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኦሮምኛ ታትሟል፣ እግዚአብሔር አስተርጓሚ አይጠብቅም። በቡርጂኛም፣ በጌድኦኛም፣ በሶማልኛም ይቻላል። የተማሪ ደብተርና አንድ ቢክ ይበቃል። ስልክ ላይ አትያዙት አልልም፣ ግን እኛ ጋ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እና አንቺ መክፈት የፈራሽው፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ የለብሽም። ባዶ ገጽ አውጪ፣ የዛሬን ቀን ጻፊ፣ ከዚያ በጣም ያስፈራሽን አንዱን ስም ብቻ ወደዚህ ገጽ አሻግሪው። «አሁንም እየጠበቅኩ ነው» ብለሽ ብትጽፊበት ጸሎት ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ።

ነጌሌ፣ ዋደራና ፊልቱ ያላችሁ፣ ሰሞኑን ዘነበ እንዴ? ኮሜንት ላይ ቀኑን ጻፉልኝ፣ እመዘግበዋለሁ።