በዝምታ የተፈረመ ውል

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል ተረቱ። ምክሩ የተሰጠው ለሰው አፍ ነው። ወደ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሲወሰድ ግን ይገለበጣል፤ በዝምታው በኩል የሚገባው ብዙ ነውና።

የኔትወርክ ባለሙያዎች «ድምፅ አልባ ጭነት» የሚሉት አሠራር አላቸው። አንድ ትምህርት ቤት አርባ ኮምፒዩተሮች ቢኖሩት፣ ባለሙያው በእያንዳንዱ ፊት ተቀምጦ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን አይውልም። የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞችን የያዘውን የኦፊስ ጥቅል በሰርቨሩ ላይ ያኖራል፤ አጭር የትእዛዝ ፋይል ይጽፋል፤ ተማሪው ከሄደ በኋላ ትእዛዙ በኔትወርኩ ይሠራጫል። በማግስቱ ተማሪው ሲገባ ፕሮግራሙ ተጭኖ ይጠብቀዋል። አንድም መስኮት አልተከፈተም፤ አንድም ጥያቄ አልቀረበም።

አሠራሩ በራሱ ነውር የለበትም። ባለሙያው አንድ፣ ኮምፒዩተሩ አርባ በሆነበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት ቤት፣ ሥራውን በአንድ ትእዛዝ መጨረስ ብልህነት ነው። አርባው ማሽን አርባ ዓይነት ሆኖ ከሚቀር አንድ ዓይነት ቢሆን ለመምህሩም ለተማሪውም ይበጃል። ነውሩ የሚመጣው የማሽኑ ዝምታ የሰውንም ዝምታ አስከትሎ ሲመጣ ነው።

ለመሆኑ በዚያች አጭር ፋይል ውስጥ ምን ተጽፏል? የማይክሮሶፍት ኦፊስ የጭነት ትእዛዝ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። አንዱ መስመር በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር «ምንም» እንዲሆን ያዛል። በዚያው መስመር ላይ «ውሉን ተቀብለሃልን?» ለሚለው ጥያቄ «እውነት» የሚል መልስ አስቀድሞ ተሰጥቷል። ሌላው መስመር ቋንቋውን ይወስናል፤ ፋይሉ ከተዘጋጀ ናሙና የተቀዳ እንደሆነም ቋንቋው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ በእነዚህ መስመሮች ሦስት ፍርዶች ተሰጡ ማለት ነው፦ ማንም አይይ፣ ሁሉም ተስማምቷል፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ያነባል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ውል ምን እንደሆነ ያውቃል። አባቶች ያለ እማኝ በሬ አይሸጡም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለውል መጽናት ተዋዋዮቹ ችሎታና ፈቃድ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። የሕግ ሰው «ተዋዋዩ ትምህርት ቤቱ እንጂ ተማሪው አይደለም» ብሎ ይመልስ ይሆናል። መልካም! እንግዲያውስ ትምህርት ቤቱ ይዋዋል፤ ርእሰ መምህሩ ያንብብ፤ የወላጆች ኮሚቴ ይስማ። «እውነት» የምትለዋን ቃል የሚጽፈው የኔትወርክ ባለሙያው ብቻ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ሳያነብ የፈረመ ባላገር ሆነ ማለት ነው።

ጉዳዩ በሐርጌሳ፣ በኮድቡር ወረዳ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። እዚህ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በሦስት ፊደል መካከል ይኖራል። የሱቁ ማስታወቂያ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሶማልኛ ነው፤ የመስጊዱ ጽሑፍ ዐረብኛ ነው፤ እናቱ የምታነብለት ደብዳቤ በግዕዝ ፊደል ነው። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲንን ፊደል ሲቀበል ለኮምፒዩተር ዘመን ሳያስበው ተዘጋጀ፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ማንኛውም ኪቦርድ ይጽፈዋል። እንዲያም ሆኖ የሶማሌው ጎረቤት ልጅ ከጉዳቱ አላመለጠም። የፊደል ማረሚያው እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ሲጫን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጻፈው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ልጁ ቋንቋው ስሕተት እንደሆነ የሚነግረው ማሽን ፊት በየቀኑ ይቀመጣል።

የአማርኛው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። የግዕዝ ፊደል የዩኒኮድ መለያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ቋንቋው ሲመረጥ ወይም ለብቻው ሲጠየቅ ብቻ የሚጫን ተጨማሪ ዕቃ ሆነ። «ኢብሪማ» የተባለው ቅርጽ ስላለ ፊደሉ አይጠፋም፤ ነገር ግን አማርኛን ማንም ካልመረጠ ኪቦርዱ በማሽኑ ላይ አይታይም። ልጁ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል፤ መልስ መጻፍ ግን አይችልም።

ይህ ሁሉ በችግር የመጣ ቢሆን ባልከፋ። ማይክሮሶፍት ለኦፊስ የአማርኛ ጥቅል አዘጋጅቷል፤ ከፊል ትርጉም ቢሆንም አለ። በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም ዝርዝሮቹ ወደ አማርኛ ተተርጉመዋል፤ በድምፅ አልባ ጭነትም ቋንቋዎቹን በስም መጥራት ይቻላል። የጎደለው አንድ መስመር ነው። ያቺን መስመር የሚጽፍ የጠፋው «ይጻፍ» የሚል ስላልነበረ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው «ወላጅ የሚፈልገው ልጁ በእንግሊዝኛ እንዲሠራ ነው» የሚል ነው። አማርኛ መጨመር ግን እንግሊዝኛን መቀነስ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለተኛው «ትርጉሙ ጎርባጣ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ አንዳንዱ ቃል ከመዝገበ ቃላት ተነቅሎ የተተከለ ይመስላል። ነገር ግን ትርጉም የሚቃናው በአንባቢ አፍ ነው። ማንም የማይከፍተው አማርኛ እንደ ጎረበጠ ይኖራል፤ ከዚያም መጎርበጡ ላለመክፈት ምክንያት ይሆናል።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ነገር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለውን «ፕላዝማ» የማያስታውስ የለም። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሠራጨው የእንግሊዝኛ ትምህርት በአንድ ጊዜ ለመላው አገር ደረሰ፤ ለመምህሩ የቀረለት በመግቢያና በመዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ስክሪኑ አይሰማም። የቴክኒኩ ግብ መልካም ነበር፤ ሩቅ ያለ ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል እንዲማር ታስቦ ነው። ጉድለቱ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሳይጠይቅ መግባቱ ነው።

ሌላው ዓለም መጠየቅ ጀምሯል። በጀርመን የሄሰን ግዛት የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ትምህርት ቤቶች ኦፊስ 365ን በኢንተርኔት ማከማቻው በኩል መጠቀማቸው የተማሪዎችን መረጃ አይጠብቅም ብሎ ተቃወመ፤ በተከታዩ ወር ለጊዜው በቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። ፍርዱ ቢለዝብም ጥያቄው በአደባባይ ተነሣ። የሕንዷ ኬራላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿን ኮምፒዩተሮች ወደ ነጻ ሶፍትዌር አዛወረች፤ ልጆቿም በማላያላም ፊደል ይጽፋሉ። ኬራላ ከበርሊን አልተበደረችም፤ ከሀብት ይልቅ ውሳኔ ነበራት።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። ለዊንዶውስ 10ና ለኦፊስ 2019 ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ዛሬ ወይም ነገ አዲስ ነገር ይጭናል። ከመጫኑ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎች ይመለሱ፦ የሚጫነው ፕሮግራም የትኛው ነው፣ ለምንስ ተመረጠ? ውሉን አንብቦ የተቀበለው ማን ነው፣ የልጆቹስ መረጃ ወዴት ይሄዳል? የትኞቹ ቋንቋዎች፣ የትኞቹ ኪቦርዶች አብረው ይገባሉ? ስሕተት ቢገኝ የሚመልሰው ማን ነው? ገጹ በሶማልኛ፣ በእንግሊዝኛና፣ አማርኛ አንባቢ ወላጅ ባለበት ቤት፣ በአማርኛ ይለጠፍ።

ይህ የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት ስብሰባ ነው። ወላጅም «ኮምፒዩተር አላውቅም» ብሎ ከስብሰባው አይቅር፤ የተጠየቀው ስለ ሽቦ ሳይሆን ስለ ልጁ ነው። ባለሙያው እንደ ልማዱ ሌሊቱን በአንድ ትእዛዝ ይሥራ፤ ማሽኑ ዝም ይበል። ትምህርት ቤቱ ግን አስቀድሞ ይናገር።