ስለ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያምና ስለ እምድብር

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሕይወት ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ያሠራው ሕንፃ፣ የከፈተው ፋኩልቲና ከውጭ አገር ያገኘው ርዳታ ነው። እኛ ግን ከእምድብርና ከአካባቢዋ መጥተን አዲስ አበባ የምንማር ተማሪዎች ስለሆንን መለኪያችን ከዚህ ይለያል። ሰውየው በሥልጣን ዘመኑ እንደ እምድብር ላለች ከተማ ምን አደረገ? ብለን እንጠይቃለን። በዚህ መለኪያ ከሄድን፣ በዘመናቸው ተማሪው አጥብቆ ይነቅፋቸው የነበሩት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ከብዙዎቹ ተከታዮቻቸው ይበልጣሉ። አነጋገራችን አንዳንድ ጓደኞቻችንን እንደሚያስቆጣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ልጅ ካሣ ከቄለም ወለጋው ባላባት ከደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ወገን የተወለዱ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ለብዙ ዘመን የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ ከተመረቀ በኋላም አሜሪካዊው ዶክተር ሃሮልድ ቤንትሊ ለጥቂት ጊዜ በኃላፊነት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅ ካሣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ገደማ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት።

ተማሪው ሊወዳቸው አልቻለም። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለ ነበሩ፣ ፕሬዚዳንቱ በማን አፍ እንደሚናገሩ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ ሲሰለፍ፣ ከዚያም መሪዎቹ ከትምህርት ሲታገዱ፣ በ1960 ዓ.ም. በፋሽን ትርኢት ሰበብ ብጥብጥ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ ወቀሳው ሁሉ የሚያርፈው በእርሳቸው ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በበኩሉ ተማሪውን አልገራህም ይላቸዋል። ሰውየው በሁለት የወፍጮ ድንጋይ መካከል እንደ ገባ እህል ነበሩ ማለት ይቻላል። ቢሆንም ጥፋቱን ልንሸፍንላቸው አንፈልግም። ተማሪን ስለ አሳቡ ከትምህርት ገበታ ማራቅ ያን ጊዜም በደል ነበር፤ ዛሬም በደል ነው።

ዳሩ ግን በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሌላም ነገር ተጀምሯል። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለው ደንብ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከመናገሻው ከተማ ወጥቶ ሕዝብ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የሄዱት በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው ነው። እርግጥ ነው፣ ሥራው የፕሬዚዳንቱ ብቻ አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራንም መክረውበታል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተተኩዋቸው ዶክተር አክሊሉ ሀብቴም አስቀጥለውታል። ተማሪውም ቢሆን ግዴታ መሆኑን በመጀመሪያ አልወደደውም። ነገር ግን የባለሥልጣኑንም ልጅ የገበሬውንም ልጅ ከስድስት ኪሎ አንሥቶ በአንድ ዓይነት ደንብ ጠመኔ አስይዞ ወደ ገጠር የላከ፣ የቤተ መንግሥት ሰው የተባለው ፕሬዚዳንት የመራው ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን የማይታበል ሐቅ ከልጅ ካሣ ታሪክ ላይ መፋቅ ተገቢ አይመስለንም።

ይህ ለእምድብር ልጅ ለምን እንደሚከነክነው ልናስረዳ ይገባል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ ከየኪሱ አዋጥቶ፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ መንግሥት ሊደርስበት ያልቻለውን መንገድ ወደ አገሩ አስገብቷል። እናቶቻችን እንሰት ፍቀው፣ አባቶቻችን መርካቶ ተሸክመው ያወጡት ገንዘብ ነው። መንገድ መውጫም መግቢያም ነው፤ እኛ ግን የተጠቀምንበት ለመውጫ ብቻ ሆነ። በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩት ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እንኳ የቸሃን መንደር ሕይወት በቸሃ ቋንቋ የጻፉት ካሊፎርኒያ ሆነው ነበር። እርሳቸውስ ቢርቁም ስለ መንደሩ ጽፈዋል። እኛ ለመስቀል እንሄዳለን፣ ክትፎአችንን እንበላለን፣ ሽማግሌ ያስመርቀናል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አውቶቡስ ላይ ነን። ተምሮ አንድ ሙሉ ዓመት ከሕዝቡ ጋር የሚቀመጥ ሰው እንዲመጣ ያደረገ ደንብ እንደ አገልግሎቱ ያለ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየንም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ክፍል እጅግ የሚደንቅ ነው። አገልጋዮቹ ተማሪዎች ወደ ጠቅላይ ግዛት ይዘው የወረዱት የሒሳብና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የመሬትን ጥያቄም ይዘው ወረዱ፤ የየአውራጃው ትምህርት ቤት ተማሪም ከእነርሱ ሰማ። እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ የሾማቸውን መንግሥት የሚያናጋውን አሳብ በገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው አገልግሎት በየገጠሩ አስበተኑ ማለት ነው። አስበውበት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ልጅ ካሣ ከዩኒቨርሲቲው ከወጡ በኋላ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪነት፣ በኋላም በእርሻ ሚኒስትርነት ሠሩ። አብዮቱ ሲመጣ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስን ጨምሮ ከሌሎች እስረኞች ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። ደርግ ራሱ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ መንገዱን ያገኘው አስቀድሞ ተጠርጎ ነው። የአገልግሎቱን አሳብ ወርሶ፣ አገልግሎቱ በዘመናቸው የተጀመረውን ሰው ገደለ። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በፕሬዚዳንቱ ላይ የነበራቸው ክስ ትክክልም ቢሆን ክስ የሚታየው በችሎት ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የተማሪ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ብዙ አላጋጠመንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብርዬ ላይ፣ ወደ እምድብር በሚወስደው በዚያው መንገድ ዳር ይገኛል። በየዩኒቨርሲቲው «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አለ። ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መኪናው ይመለሳል።

አንዳንዶች፣ ሥራ ያጣ ምሩቅ መምህር በየከተማው እያለ ተማሪ መላክ የእርሱን እንጀራ መሻማት ነው ይላሉ። መልካም ተቃውሞ ነው፤ መልሱም ከዚያው ከተቃውሞው ይወጣል። ተማሪው የመምህሩን ወንበር አይቀመጥበትም። ከክፍል ሰዓት ውጭ ያስጠናል፤ ተቆልፎ የኖረውን ቤተ ሙከራ ይከፍታል። የእርሻ ተማሪ የሆነው ደግሞ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንሥኤውን ያሳወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ቢላዋውም በእሳት ካልጸዳ ጓሮ እንዴት እንደሚጠፋ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ይህን ማንም ሥራ ፈት ምሩቅ ደመወዝ ተከፍሎት ሲሠራው አላየንም።

ስለዚህ የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀመጥ፣ የአንድ ዓመት አገልግሎት ለዲግሪ ግዴታ ሆኖ እንዲመለስ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጥያቄ ይቅረብ እንላለን። ግዴታ ይሁን የምንለው በፈቃድ ከሆነ የሚሄደው የድኻ ልጅ ብቻ እንዳይሆን ነው። እስኪፈቀድ ድረስም በመጪው ክረምት ሁለት ወር እምድብር ተቀምጦ ለማስጠናት የሚሻ ሁሉ እንዲመዘገብበት ወረቀት አዘጋጅተናል። ስማችንን ጽፈንበታል፤ ከሥሩ ያለው መሥመር ገና ባዶ ነው።